ከሐሙሱ ጉባኤ ሰፌድ የወጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ሐሙስ ቡናው ሲያበቃ አንዲት ትንሽ ሰፌድ አዞርን። ስለ ትምህርት ክፍላችን፣ ስለ ሐሙሱ የፍልስፍና ጉባኤ፣ ስለ ፍልስፍና ራሱ መጠየቅ የሚፈልግ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ እንዲጥልባት ነው። ሰፌዷ ሞልታ ተመለሰች። ተማሪዎች ጽፈዋል። ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ አንዲት እናት ጽፈዋል። የቅኔ መምህር የሆኑ አንድ የኔታም ጽፈዋል። እኔ ጎንደር ውስጥ ፍልስፍና ማስተማር ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ ጉባኤው ሲጀመርም ነበርኩ። ስለዚህ «መልሱን አንተ ጻፈው» ተባልኩ። ወረቀቶቹን ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ የምታደርጉት ምንድን ነው? እንደ ክፍል ነው?

እንደ ክፍል አይደለም። ስም አይጠራም፣ ማርክ የለውም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሮቹን ዙሪያ እናደርጋለን። አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ፣ ያነበበውን ወይም የጻፈውን 20 ደቂቃ ያቀርባል። የቀረው ጊዜ ሁሉ የጥያቄ ነው።

ሰዓቱን የምንቆጥረው በጀበናው ነው። አቦል ተጠጥቶ እስኪያልቅ አቅራቢውን ማቋረጥ የለም። በቶና «ይኼ አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ማለት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ተቃውሞ የሚከፈተው በበረካ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይነሳበት ነበር። ግማሹ ክርክር ሰውዬው ጨርሶ ባላለው ነገር ላይ ይሆን ነበር። ጀበናው ያንን አስታገሰልን።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው። ሰውን ከመቃወምህ በፊት ሐሳቡን በራስህ አፍ ትደግመዋለህ። እሱ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» እስኪልህ ድረስ መቃወም አትችልም። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ነገር አዋቂዎች ነበሩ። ያ ሙግት ግን ለመርታት ነው። እዚህ ረቺም ተረቺም የለም። አንዳንዴ የሰውን ሐሳብ እየደገመ ያለ ልጅ መሀል ላይ ዝም ይላል። «ቆይ... ልክ ሳትሆን አትቀርም» ይላል ቀስ ብሎ። ያቺን ዝምታ 12 ዓመት ሰማኋት፤ አልጠገብኳትም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍሉ ተማሪ ያልሆነ መምጣት ይችላል? ይከፈላል?

ይችላል። የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ ነርስ ትመጣለች፣ ፒያሳ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ይመጣል። ክፍያ የለም። ለቡናና ለቆሎ የቻለ ያዋጣል፣ ያልቻለ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ ፍልስፍና ሃይማኖት ያስለቅቃል ሲሉ እሰማለሁ። ልጄ ሎጂክ መማር ከጀመረ ወዲህ ቤት ሲመጣ «ለምን? ለምን?» ያበዛል። ልስጋ?

እናታችን፣ ደክመው መምጣትዎ ብቻ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በመጀመሪያ ሎጂኩ የእኛ ብቻ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ አዲስ ተማሪ ሐኪም ሊሆን ቢመጣም፣ መሐንዲስ ሊሆን ቢመጣም ይማረዋል። ዋናው ነገሩ አንድ ሰው ያቀረበው ምክንያት የደረሰበትን መደምደሚያ ይሸከማል ወይ ብሎ መመርመር ነው።

«ለምን» ማለት ደግሞ መካድ አይደለም። እዚሁ ጎንደር የአንድምታ መምህር አንዱን ጥቅስ ይዞ ትርጉሙን ይናገራል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሊቃውንት በትርጓሜ ይለያያሉ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቅባትና ተዋሕዶ የሚባሉት ወገኖች ንጉሡ ፊት ቀርበው ይከራከሩ ነበር። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት ስላላመኑ አይደለም። መጽሐፈ ፈላስፋ የሚባለው የጥበበኞች አባባል ስብስብም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመነኩሴ እጅ ነው።

ይህን ስል ግን ላባብልዎ አልፈልግም። ልጅዎ አንድ ቀን በእውነት ሊጠራጠር ይችላል። ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ነው ትልቁ ነገር። ቤት ውስጥ «ዝም በል!» ከተባለ ጥያቄውን ይዞ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እርስዎን ይጠይቅ። የማያውቁት ሲመጣ «እኔም አላውቀውም፤ የንስሐ አባታችንን አብረን እንጠይቅ» ይበሉት። አብሮት የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ እኔ ብዙም አልሰጋለትም።

ጥያቄ፦ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ በእርግጥ ነበረ? ወይስ ፈረንጅ የፈጠረው ነው?

ይህን አምስት ሰው ጽፎታል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ሐተታ» የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፍ ስለ ጸሐፊው የሚለው ይህን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው አክሱም አጠገብ ነው። በሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊክ የመንግሥት ሃይማኖት ሲሆን፣ ተከሶ ሸሸ። ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ እንፍራዝ ሰፈረ። ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1667 ሐተታውን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው።

ጥርጣሬው የመጣው መጽሐፉ ከተገኘበት መንገድ ነው። በቤጌምድር ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካቶሊክ መነኩሴ (ካፑቺን) እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ የግዕዝ መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። ዛሬ ሁለቱ ጥንታዊ ቅጂዎች ፓሪስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ይህን የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የሐበሻ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ዓመት ደከመ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በኋለኛው ዘመናቸው ለኢትዮጵያዊነቱ ቆመዋል። እነ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዳ ኡርቢኖ ነው ብለው ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል፤ ክርክሩም ቀጥሏል።

እኛ በየዓመቱ ይህን ጉዳይ ሁለት ሐሙስ እንሰጠዋለን። በመጀመሪያው ሐሙስ ግማሹ ሰው «የዘርዐ ያዕቆብ ነው» ብሎ ይከራከራል፣ ግማሹ «አይደለም» ይላል። በሁለተኛው ሐሙስ ቦታ ይለዋወጣሉ። ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ሲጨነቁ ማየት ያሳዝናል፤ ግን ያ ጭንቀት ነው የሚያስተምራቸው። ባለፈው ሳምንት «የኛ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ የመታ ልጅ ዛሬ «የግዕዙን አጻጻፍ እስቲ ልብ በሉ» እያለ ለሌላው ወገን ማስረጃ ይለቅማል።

የኔን ሐሳብ ለጠየቃችሁኝ፦ እኔ የእንፍራዙ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን «የኛ ቢሆን ደስ ይለናል» የሚለውን ማስረጃ አድርጎ ለሚመጣ ተማሪ ማርክ አልሰጥም።

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ሚኒባስ ተከራይተን እንፍራዝ ሄደን ነበር። የጉዛራን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አየን። ከኮረብታው ሥር ዛፍ ጥላ ላይ ተቀመጥንና አንዱ ግዕዙን አነበበ፣ አንዷ በአማርኛ መለሰችው። ዘርዐ ያዕቆብ በሀብቱ ቤት የምታገለግለውን ኂሩትን ሲያገባ «ገረድህ ትሁን» ሲባል፣ ገረድ ሳትሆን ሚስት ናት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ያለበት ቦታ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ይህን የጻፈው እሱ ነው፤ ኂሩት ብትጽፈው ኖሮ ምን ትል ነበር?» አለች። እስክንመለስ መኪናው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ያቺ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር መጣሁ፤ አንድም ቀን አልተናገርኩም። ሁሉም የሚያውቅ ይመስለኛል። እንዴት ልጀምር?

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ባላውቀውም ወረቀቷን ለብቻ አስቀምጫታለሁ። አገራችን ውስጥ ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም አለን። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ማሰብ ራሱ አንድ ሐሙስ ይበቃዋል።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። የእኛም ጥፋት ነበረበት። ለብዙ ጊዜ ቡናውን የሚያፈሉት ሴት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ግን እንዲያው ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን አንዷ «እኔ ከሰል ሳራግብ ውይይቱ አልፎኝ ይሄዳል» አለች። እውነቷን ነበር። አፈርን። ከዚያ ወዲህ ማፍላት በተራ ነው፤ ወንዱም መምህሩም አለበት። የሴቶቹ ጥያቄ በዚያው ወር ጨመረ።

ሌላም ነገር አለ። መድረኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ዕድል ተናግሮ ለማያውቅ ሰው ነው። በቃል መናገር የከበደው ጽፎ ለጎኑ ሰው መስጠት ይችላል።

ጥያቄ ደግሞ ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ስለ ካንት እያወራን ነበር። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው ጽሑፍ፣ ገዳይ ደጃፍህ ቆሞ ጓደኛህ የት እንዳለ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባም ይላል። ክርክሩ ጦፏል። ከጥግ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ትናንት ታምሜ ነበር። ‹እንዴት ነህ?› ሲሉኝ ‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አልኩ። ዋሸሁ ማለት ነው?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ካንት ተትቶ ማታውን በሙሉ ስለ ሰላምታ አወራን። ሰላምታ መረጃ መስጠት ነው ወይስ ሰውን ማክበር? ጠያቂውም መላሹም ቃሉ ስለ ጤና እንዳልሆነ ካወቁ የተታለለ ማን ነው? ነርሷ «እኔ ዘንድ የመጣ በሽተኛ ግን ‹ደህና ነኝ› ቢለኝ ይጎዳል» አለች። ያ ልጅ ያንን የጠየቀው ካንትን አንብቦ ሳይሆን ታሞ ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ ለምን በአማርኛ? ፈተናው በእንግሊዝኛ አይደለም እንዴ?

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሙስ ግን በአማርኛ ነው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተሸፈነ አለመረዳት በአማርኛ ቶሎ ይጋለጣል። አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ይወጣዋል። «በል ለአያትህ እንደምትነግራቸው አድርገህ ንገረኝ» ስለው ይቆማል።

አማርኛውም ራሱ የሚያስተምር ነገር አለው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» ያለበትን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩ በዓመቱ መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ እንግሊዞቹ «ማይንድ» የሚሉትን ምን እንበለው የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። አእምሮ? ልቡና? ኅሊና? ልብ? «የምታስቡት የት ነው? በእጃችሁ አሳዩኝ» አልኳቸው። ግማሹ ጭንቅላቱን ነካ፣ ግማሹ ደረቱን። ሁሉም ተያይተው ሳቁ። ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። «ልብ ገዛ» ስንል አስተዋይ ሆነ ማለታችን ነው። በግዕዝ ልብ የስሜትም የማሰቢያም ቦታ ነው። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ማሰብና መሰማት ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው ሲሉት ወዲያው እሺ አይልም። ላይልም ይችላል፤ ምናልባት ትክክል ነው። ይህን ማየት የሚችለው ግን በአማርኛ ካሰበ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ «ቅኔ ፍልስፍና ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እናንተስ እንዲህ ትላላችሁ?

የኔታ፣ እርስዎ ፊት ስለ ቅኔ መናገር ድፍረት ነው። ግን ጠይቀውኛልና እመልሳለሁ።

እኔ ሁሉን ነገር ፍልስፍና ማለት አልወድም። ፍልስፍና ምክንያቱን ግልጥ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ቅኔ ወርቁን በሰም ይሸፍናል። መንገዳቸው ይለያያል። የቅኔ ተማሪ ግን ያለው አንድ ነገር የእኛ ተማሪ የለውም። አንድን ቃል ይዞ ሁለት ትርጉም በአንድ ጊዜ ሳይጥል መሸከም ይችላል። እርስዎ ባለፈው ዓመት መጥተው ልጆቻችንን ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲሞክሩ ያደረጉበት ቀን ትዝ ይለኛል። ልጆቹ በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን ብለው ነበር። ሲመሽ ሁለቱ ብቻ ደረሱ። እርስዎም የአንዱን ሰምተው «ሰሙ ቆሟል፤ ወርቁ ግን ገና አልመጣም፤ ነገ ድገመው» አሉት። ልጁ በማግስቱ ደግሞ ይዞ መጣ። እኛ የተማሪን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ እንሰርዛለን። «ነገ ድገመው» ማለትን ከእርስዎ ተማርን። አሁን ሐሙስ ያልተሳካለት አቅራቢ በሌላ ሳምንት እንደገና ያቀርባል።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ እመረቃለሁ። አባቴ «በፍልስፍና ምን ትበላለህ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

እውነቱን ንገረው። «ፈላስፋ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ የለም። አብረውኝ ከነበሩት ተማሪዎች መካከል አስተማሪ የሆኑ አሉ። ጋዜጠኛ የሆነ አለ። እንደገና ሕግ የተማረ አለ። የሕዝብ ግንኙነት የሚሠራ አለ። ሥራ ፈትተው ሁለት ዓመት የቆዩም አሉ፤ እነሱን አልደብቅህም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ውስጥ ሌላ እጅ የሚያሲዝ ነገር ተማር፤ ኮምፒውተር፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ መያዝ። አባትህ የሚጠይቁት ስለ እንጀራ ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አንተም በትክክል መልስላቸው።

ጥያቄ፦ እንግዳ ተናጋሪ ለምን አይበዛም? የዓለም የፍልስፍና ቀንንስ ታከብራላችሁ?

ቀኑን እናከብራለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ያከብረዋል። ብዙውን ጊዜ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ይውላል። ሐሙስ መሆኑ ለእኛ ተመቸን። በዚያ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንጋብዛለን፤ አቅራቢዎቹም እነሱ ናቸው።

እንግዳ ግን የቀነስነው አውቀን ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጡ ምሁር ሁለት ሰዓት ሙሉ በስላይድ አቀረቡ። ሲጨርሱ ለጥያቄ የቀረው አምስት ደቂቃ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ልጆቹ በጸጥታ ወጡ። ሰውዬው አዋቂ ናቸው፤ የምንነግራቸውን ሳንነግር የጠራናቸው እኛ ነን። አሁን እንግዳ ስንጠራ አስቀድመን እንናገራለን፦ 20 ደቂቃ የእርስዎ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። ይህን ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ ሁልጊዜ ጥሩ እንግዳ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ባይመጣስ? ይቀራል?

አይቀርም። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ባጃጅ አልነበረም። ክፍሉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። 10 ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። የግቢው ጥበቃ፣ እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ መብራቱን አይተው መጡ። «ዛሬ የሉም እንዴ ልጆቹ?» አሉ። «እርስዎ አሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ካፖርታቸውን አራግፈው ተቀመጡ። ጀበናውን ጣድን። አቦሉን ጠጥተን ዝም እንዳልን እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ሌሊት ሌሊት ነቅቼ የተኛውን ሰው እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰው ሲተኛ የት ነው ያለው?»

እኔ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዴካርት ሕልምን ይዞ ስለ ጠየቀው፣ የሆነውን ያልሆነውን። አዳመጡና በራሳቸው አፍ ደገሙት፤ ሕጋችንን በር ላይ ቆመው ለዓመታት ሰምተውት ኖሯል። ከዚያ «እንዲህ ከሆነማ አሁንም ተኝተን እንዳልሆነ በምን አወቅህ?» አሉኝ። በረካው ቀዘቀዘ።

የሚቀጥለው ሐሙስ አቅራቢ እሳቸው ናቸው። 20 ደቂቃውን እሳቸው ይናገራሉ፤ ጽሑፍ የለም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲኒ ስላነሰን የምትመጡ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ።